ቃሬዛው ከመጋዘን የወጣ ቀን

እኔ ሶሬቲ ሲናደዱ ዝም ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ስለዚህ መምህር ወልደ ኢየሱስ ሃያ ሁለት ገጽ ጽሑፌን በቀይ እስክሪብቶ አንድ መስመር ብቻ ጽፈውበት ሲመልሱልኝ፣ ተማሪው ሁሉ እየሰማ፣ «መምህር፣ ይኼ ምን ማለት ነው?» አልኳቸው።

ቀን ቀን ኢንሹራንስ ቢሮ እሠራለሁ፤ ከሥራ መልስ ነገረ መለኮት እማራለሁ። ያቺን ጽሑፍ ለመጻፍ ሦስት ቅዳሜ ፈጅቻለሁ። ጽሑፉ ስለ ሽባው ሰው ነው፤ አራት ሰዎች ተሸክመው አምጥተውት፣ ከሰዉ ብዛት በሩ ጋ መድረስ ቢያቅታቸው ጣራውን ነድለው ጌታ ፊት ስላወረዱት። ትርጓሜውን አገላብጫለሁ፣ የግርጌ ማስታወሻው ብቻ አራት ገጽ ነው። የመምህር ቀይ መስመር ግን እንዲህ ይላል፦ «አራቱ ሰዎች በወንጌል ስም የላቸውም። ሂጂና ስማቸውን ፈልጊ።»

«የምትማሪው ተግባራዊ ነገረ መለኮት ነው» አሉኝ፣ መነጽራቸውን እያወለቁ። «ከመጽሐፍ ጀምረሽ መጽሐፍ ላይ ጨረስሽ። ከቤትሽ ደረጃ ጀምሪ። ምን እየሆነ ነው ብለሽ እዪ። ለምን ሆነ ብለሽ ጠይቂ። ከዚያ ቅዱስ መጽሐፉንና አባቶችን አማክሪ። ከዚያ ደግሞ ተነሺና አንድ ነገር አድርጊ። አራተኛውን ሳትሠሪ ብትመጪ ሦስቱን አላርምልሽም።»

«እኔ ደረጃ ላይ ምንም የለም፣ መምህር! ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ቆሽቴ አረረ። ሰፈሬ ሲግናል እስክደርስ ታክሲ ውስጥ ከራሴ ጋር ስጨቃጨቅ ነው የሄድኩት።

ቤቴ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ደረጃው ሥር ስደርስ ለነገሩ ያህል ቆም ብዬ ወደ ላይ አየሁ። ያን ጊዜ ነው ያ ድምፅ የተሰማኝ፦ ቋ... ቋ... ቋ። ከአናቴ ላይ ብረት ሲሚንቶ ይመታል። ይሄን ድምፅ ስምንት ወር ሙሉ ሰምቼዋለሁ። እንዲያውም አንድ ቀን በብሎካችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ «አራተኛ ፎቅ ያላችሁ እባካችሁ ዕቃ አትጎትቱ፣ ሰው ያርፋል» ብዬ ጽፌያለሁ። ማንም አልመለሰልኝም። እኔም ወጥቼ አላየሁም። ምን እየሆነ ነው? የመምህር የመጀመሪያ ጥያቄ እንደ እሾህ ወጋኝና ወጣሁ።

«ግቢ፣ አልተቆለፈም!» አለኝ የአሮጊት ድምፅ፣ ገና በሩን ሳላንኳኳ። «ሦስተኛ ፎቅ ያለሽው ነሽ አይደል? ኮቴሽን አውቀዋለሁ። ስልክሽ ላይ ስትሳደቢም እሰማሻለሁ።»

በስመ አብ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

እማማ የማርያምወርቅ ይባላሉ። ባለ አራት እግር ብረት ተደግፈው ከአልጋ እስከ መስኮት ይሄዳሉ፣ ከመስኮት እስከ አልጋ ይመለሳሉ። ቋ ቋ የሚለው እሱ ነው። ዳሌያቸው ተሰብሮ ታክመው ከተመለሱ ወዲህ፣ ስምንት ወር፣ አንዴም ከፎቁ ወርደው መሬት አልረገጡም። ቤቱን በዕጣ ያገኘው ልጃቸው ሥራው ሀዋሳ ነው። ጠዋት ጠዋት የምትረዳቸው ሴት አለች፤ ከዚያ በኋላ ብቻቸውን ናቸው። መስኮታቸው ወደ እንጦጦ ያያል። ከሠላሳ ዓመት በላይ የኖሩት እዚያ ነው፣ ኪዳነ ምሕረት አጠገብ፣ ባሕር ዛፉ መሐል።

«እሁድ ይሰርዙኛል» አሉኝ ድንገት።

«ማን ነው የሚሰርዝዎት?»

ነገሩ እንዲህ ነው። እማማና ሟች ባላቸው ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት እዚያው እንጦጦ የኪዳነ ምሕረትን የጽዋ ማኅበር መሥርተዋል። አሥራ ሁለት ቤተሰብ ነው። በየወሩ በአሥራ ስድስት ይሰበሰባሉ፣ ይጸልያሉ፣ ይበላሉ፣ የሞቱባቸውን በስም እየጠሩ ያስባሉ። ሲጨርሱ ተረኛው ጽዋውን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይወስደዋል፣ የሚቀጥለው ወር እሱ ጋ ይሆናል። ጽዋውን ግን ተረኛው በገዛ እጁ ነው የሚቀበለው፤ በልጅ በጎረቤት አይሆንም። ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ያልተቀበለ ከመዝገብ ይሰረዛል። እማማ ሁለት ጊዜ ተጠርተው ቀርተዋል። ሦስተኛው የፊታችን እሁድ፣ በአሥራ ስድስት ነው።

«ብሞት መሞቴንስ ማን ይሰማል?» አሉ መስኮቱን እያዩ። «ማኅበሩ ውስጥ ካለሁ በየወሩ ስሜን ይጠሩታል። እዚህማ ማን ያውቀኛል?»

እዚያው ስልኬን አውጥቼ የማኅበሩ ሙሴ ጋ ደወልኩ። የጽዋ ማኅበር መሪ ሙሴ ነው የሚባለው። ጋሽ ተክለብርሃን የሚባሉ የጡረታ ሰው ናቸው፣ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የወጡ፤ ሲያወሩም መመሪያ የሚያነቡ ነው የሚመስሉት።

«ጽዋ በስልክ አይሰጥም፣ ልጄ» አሉኝ።

«በስልክ ይስጡ መቼ አልኩ? ይዘውላቸው ይምጡ ነው ያልኩት!»

«ሥርዓት ሥርዓት ነው። ለአንድ ሰው ከተጣሰ ለሁሉ ይጣሳል። ደግሞስ አራተኛ ፎቅ በየትኛው ጉልበቴ ነው የምወጣው?» ብለው ዘጉት።

በማግስቱ መምህር ቢሮ በር ላይ ቆሜ በአንድ ትንፋሽ ነገርኳቸው። «እኚህ ሽማግሌ ፈሪሳዊ ናቸው!» አልኩ። «በቃ ሥርዓቱ ይሻርና...»

«ሽማግሌውን አትሳደቢ» አሉኝ። «ሥርዓት የሚሠራ ሰው አንድ ነገር አስጨንቆት ነው። ያ ጭንቀት ምን እንደነበር ጠይቀሻል? ለምን ሆነ የሚለውን እኮ ዘለልሽው።»

እውነታቸውን ነው፣ ዘልየዋለሁ። ሮጬ ተመለስኩ። እማማ ስጠይቃቸው ሳቁ፤ ሲስቁ ያየኋቸው ያኔ ነው። «ሥርዓቱን ያወጣው የኔው ባል ነዋ! ድሮ ኑሮ የተመቻቸው ሠራተኛ እየላኩ ጽዋውን ያስወስዱ ነበር። ራሳቸው አይመጡም። እሱ ተናደደ። ‘ዐይን ለዐይን ሳንተያይ ምን ማኅበር ነው?’ አለ። በገዛ እጅ የተባለው ሰውየው ራሱ እንዲመጣ ነው።»

ሥርዓቱ እማማን ለማስቀረት አልተሠራም፤ ለማምጣት ነው የተሠራው! የሚሻር ነገር የለውም። የጎደለው ተሸካሚ ነው፣ ሌላ አይደለም። አራቱ ሰዎች! ጣራው እዚህ ቤት አራት ፎቅ ደረጃ ነው እንጂ ታሪኩ ያው ነው። እማማም ቢሆኑ፣ «ለኔ ብላችሁ የባሌን ቃል እንዳታጥፉ» አሉኝ ጠበቅ አድርገው።

አራት ሰው ፍለጋ ወጣሁ። ባሮክ አንድ፦ ሁለተኛ ፎቅ ነው፣ ሚኒባስ ይነዳል፣ ደረቱ በር ያህላል። ጀይላን ሁለት፦ ምድር ቤት ሱቅ አለው፣ ሰው ሁሉ ዱቄትና ስኳር ከሱ ነው የሚገዛው። «አርብ ብትዪኝ ጁምዓ አለኝ እል ነበር፤ እሁድ ነጻ ነኝ» አለኝ። ጉተማ ሦስት፦ የግቢያችን ጥበቃ፣ በቀን ከአሥር ቃል በላይ አይወጣውም። አራተኛ ያልኩት ሁሉ ወገቤን፣ ጉባኤ አለብኝ፣ ሰርግ አለብኝ አለ።

«አራተኛዋ እኔ ነኝ» አልኩ።

ባሮክ ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። «አንቺ የገበያ ዘንቢልሽን መቼ ተሸክመሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ። ስድቡን ለሌላ ቀን አስቀመጥኩለት።

እሁድ አራት ሰዓት ላይ እማማ ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ እንደ ሙሽራ ተዘጋጅተው ቆዩን። ማኅበሩ ጽዋውን የሚያስረክበው ስድስት ሰዓት ላይ ነው። በወንበር ልናወርዳቸው ሞከርን። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ዳሌያቸው ሲታጠፍ የጮኹት ጩኸት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ወደ ቤት መለስናቸው። ሁላችንም ፊታችን ጠቆረ። ሰዓቱ ይሮጣል።

ያን ጊዜ ጉተማ አፉን ከፈተ። «የእድሩ ቃሬዛ አለ» አለ። «ተጋድመው ይወርዳሉ።»

የብሎካችን እድር ድንኳኑን፣ አግዳሚውን፣ ትልልቁን ድስትና ቃሬዛውን ምድር ቤት መጋዘን ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው። ቁልፉ ጉተማ ጋ ነው።

«አንተ፣ እሱ እኮ የሬሳ ነው» አለ ባሮክ በሹክሹክታ።

«ነገ የሚሸከመኝ ነው» አሉ እማማ፣ ሰምተውታል። «ዛሬ ቢሸከመኝ ምን አለበት? ይልቅ ቶሎ በሉ!»

ጉተማ ወረደ። አሁን ሳስበው አንዳችን አብረነው መውረድ ነበረብን። ማናችንም አላሰብንም። የእድር ቃሬዛ በጠራራ ፀሐይ ከመጋዘን ወጥቶ ግቢ ሲያቋርጥ ሰው ምን ይላል? ጋዲሴ፣ ሁለተኛ ፎቅ የምትኖረው አስተማሪ፣ ልብስ ስታሰጣ አየችው። «ማን ነው?» አለችው። ጉተማም ያው ጉተማ ነው፤ መጋዘኑን እንኳ ሳይቆልፍ «አራተኛ ፎቅ ያሉት እናት» ብሎ አለፈ። አልዋሸም። ግን ለወሬው ይኸው በቃ።

እኛ ፎቅ ላይ እማማን በጋቢ ጠቅልለን፣ ቃሬዛው ላይ በመቀነት እያሰርን ሳለ ከታች የለቅሶ ድምፅ ተነሣ። አንዲት ሴት፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ መንጋ።

«ውይ!» አሉ እማማ ደረታቸውን ይዘው። «ማን ሞቶ ነው? ምስኪን! ስንወርድ ጎራ ብለን እግዜር ያጥናችሁ እንበላቸው።»

ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። አወጣሁት። የብሎካችን ግሩፕ ነው፦ «አሳዛኝ ዜና። አራተኛ ፎቅ ይኖሩ የነበሩት እናታችን ስላረፉ የእድር አባላት በሙሉ ግቢ እንድንገናኝ።» ከሥሩ አርባ ሰባት ሰው በእንባ መልሷል። አርባ ሰባት! ስምንት ወር ሙሉ አንድ ሰው አልወጣም፣ እኔን ጨምሮ። ስልኩን ለጀይላን አሳየሁት፤ አንብቦ ሲጨርስ ዐይኑ ፈጠጠ።

«ምን እናድርግ?» አለኝ።

«ተሸከም!» አልኩት።

ጀመርን። እኔ በግራ በኩል ከኋላ ነኝ። ትከሻዬ የተገነጠለ መሰለኝ፤ ግን ብሞት አለቅም። ሦስተኛ ፎቅ መታጠፊያ ላይ ስንደርስ ከሰዉ ጋር ተገጣጠምን። ደረጃው እስከ ታች በሰው ሞልቷል። ወንዶቹ ኮፍያቸውን አውልቀዋል፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ጋዲሴ ከፊት ናት። ቃሬዛውን ስታይ፣ «እናቴ! የኔ እናት! ሳላይሽ!» ብላ ደረቷን ደቃች።

እማማ ራሳቸውን ቀና አደረጉ። «ምነው ልጄ? ማንሽ ሞተብሽ?»

ጋዲሴ ሰምቼ የማላውቀውን ጩኸት ጮኻ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ከኋላዋ ያሉት ሦስት ደረጃ ወደ ኋላ ተንሸራተቱ። አንዱ ሽማግሌ ማማተብ ጀመሩ። ባሮክ ሳቁን ሊይዝ ሲታገል ቃሬዛው ይርገፈገፋል።

«እር... እርስዎ ነዎታ!» አለች ጋዲሴ።

«እኔ ነኝ የሞትኩት?» አሉ እማማ። ዙሪያቸውን አዩ፤ የተዘቀዘቀውን ነጠላ፣ በመስኮቱ በኩል ግቢው ውስጥ የሚተከለውን ድንኳን፣ ያን ሁሉ ሰው። ተቆጡ አልተቆጡ አላወቅኩም። ከዚያ ለጋዲሴ እጃቸውን ዘረጉላት። «ስሜን ታውቂዋለሽ?»

ጋዲሴ አታውቀውም። ደረጃው ላይ የቆመው ሰው ሁሉ አያውቀውም።

«የማርያምወርቅ እባላለሁ» አሉ። «በሚቀጥለው ስታለቅሺ በስሜ አልቅሺልኝ። ‘እናቴ’ ብቻ ካልሽ ለማን እንደሆነ አላውቅም።»

ያን ጊዜ ጋዲሴ ያለቀሰችው ለቅሶ ከመጀመሪያው ይለያል። እጃቸውን ስማ አልለቅ አለች። እኔም አለቀስኩ፤ ምን እደብቃለሁ።

«ሰዓት!» ብሎ ጮኸ ባሮክ። «አምስት ተኩል ሆነ እኮ፣ እናንተ ሰዎች!»

ወዴት እንደምንሄድ፣ እማማ ለምን ስድስት ሰዓት መድረስ እንዳለባቸው እየወረድን በጩኸት አስረዳሁ። ሰው ሁሉ ለቀብር ለብሶ ወጥቷል፣ መኪናው ተነሥቷል፣ ታዲያ ማን ይመለሳል? ጋዲሴ፣ «እኔም እሄዳለሁ!» አለች። ሌላውም እኔም እኔም አለ። እማማን ባሮክ ሚኒባስ ውስጥ፣ ወንበር ነቅለን ካሰናዳንላቸው ቦታ አስተኛናቸው። ከኋላችን አምስት መኪና ተከተለን፣ ጥቁር የለበሰ ሰው የሞላባቸው።

ጉድ ነው! መንገዱ ለኛ ተከፈተ። መኪናው ሁሉ ዳር ይይዝልናል። እግረኛው ቆሞ ያማትባል። መስቀለኛው ላይ ትራፊክ ፖሊሱ ሌላውን አቁሞ በአክብሮት አሳለፈን፤ እማማ በመስኮት እጃቸውን አውለበለቡለት። ሰውየው ፊሽካው ከአፉ ወደቀ። ጀይላን ሆዱን ይዞ ይንፈራፈራል። «እኛ ማንንም አልዋሸንም፣ መንገዱ ነው በራሱ የተሳሳተው!» ይላል።

እንጦጦ ላይ መኪና የሚሄድበት አለቀ። ቀሪው በባሕር ዛፉ መሐል የሚወጣ ቀጭን አቀበት ነው። ወረድን፣ ተሸከምን። አሁን ግን አራት አይደለንም፤ በየሃያ እርምጃው አንዱ «ተቀበሉኝ» ይላል፣ ሌላው ትከሻውን ያስገባል። ቅጠል የተሸከሙ ሴቶች ዳር ይዘው አሳለፉን። አንዷ ጎንበስ እንዳለች፣ «ነፍስ ይማር» አለች።

«አሜን፣ የሁላችንንም!» አሏት እማማ ከቃሬዛው ላይ። ሴትየዋ ሸክሟን ጥላ ሮጠች።

ማኅበሩ የተሰበሰበበት ግቢ ውስጥ ስንገባ ጋሽ ተክለብርሃን ጽዋውን ይዘው ቆመዋል። ማኅበርተኞቹ ዙሪያቸውን ናቸው፣ መዝገቡ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል። «ተረኛዋ፣ ለሦስተኛ ጊዜ...» ብለው ቀና ሲሉ ቃሬዛውን አዩ። ጥቁር የለበሰውን ሰው አዩ።

«የማርያምወርቅ!» አሉ። ያ መመሪያ የሚያነብ የሚመስል ድምፅ ተሰነጠቀ። «እህቴ! ሁለት ጊዜ ተጠርተሽ ስትቀሪ አንድ ቀን እንኳ ምን ሆና ነው ብዬ አልመጣሁም። ደረጃ ፈርቼ! ሦስተኛውን ጥሪ ሳልጨርስ ስምሽን ልሰርዝ እስክሪብቶ አነሣሁ፣ እይ፣ ጀምሬዋለሁ...» አሉና መሬት ላይ ተንበረከኩ።

ቃሬዛውን ዝቅ አደረግነው። ከጋቢው ውስጥ ቀጭን፣ ደም ሥሩ የወጣ እጅ ወጣ።

«ተክለብርሃን፣ ማልቀሱን ተውና ጽዋውን አቀብለኝ» አሉ እማማ። «የገዛ እጄ ነው። እየው።»

እልልታው እንጦጦን አናወጠው። ጋሽ ተክለብርሃን ጽዋውን የእማማ እጅ ላይ አኖሩት፣ ከዚያ እጁን ከነጽዋው ሳሙት። ጉተማ፣ ያ ዝምተኛው፣ ሁለት እጁን ሰማይ ሰቅሎ «እሰይ!» ብሎ ጮኸ። እኔማ ማንን እንዳቀፍኩ አላውቅም።

ዳቦ ተቆረሰ። ለቀስተኛው ሁሉ ሣር ላይ ተቀምጦ በላ። ጋሽ ተክለብርሃን ዐይናቸውን ጠርገው፣ «እንግዲህ የሚቀጥለው ወር አንቺ ጋ ነው» አሉ። ቀጥለው አሰቡበት። «አራተኛ ፎቅ! ግማሾቻችን ጉልበት የለንም እኮ።»

እማማ በእጃቸው ወደኛ፣ አፋቸው በዳቦ ወደተሞላ ጎረቤቶቻቸው አመለከቱ። «እኔን ያወረዱ እናንተን ያወጣሉ።»

«ቃሬዛውን አንመልሰውም ማለት ነዋ!» አለ ባሮክ።

ጋሽ ተክለብርሃን መዝገቡን ከፈቱ። ያዩትን እኔም አየሁ፤ የሰረዙት መስመር የእማማ ስም መሐል ላይ ቆሟል። ከጎኑ «ተረክባለች» ብለው በትልቁ ጻፉ።

«አትዝጋው» አሉ እማማ። «ከኔ በታች የዚችን ልጅ ጻፍልኝ።»

«የኔን?» አልኩ። «እማማ፣ እኔ እኮ ገና ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው፤ የሰላሌ ልጅ ነኝ፤ የዚህ ሰፈር ሰው አይደለሁም...»

«ቢሆንስ? አንቺም አንድ ቀን አራት ሰው ያስፈልግሻል። ክርስትና ስምሽ ማን ነው?»

አዲስ አበባ ከመጣሁ ሁለት ዓመቴ ነው። አከራዬ መታወቂያዬን ያውቃል። መሥሪያ ቤቴ የሠራተኛ ቁጥሬን ያውቃል። ይሄን የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም። ሁሌም መልስ የማላጣው እኔ፣ ሁለት ጊዜ ጀምሬ አቃተኝ። እማማ እጄን ያዙኝና ቆዩኝ።

«አመተ ሥላሴ» አልኩ።

ጋሽ ተክለብርሃን ቀስ ብለው፣ ፊደሉን እያስተካከሉ ጻፉት።